ወንበር ላይ የተሰገደ ሱብሂ

ቢስሚላህ ብዬ ስነቃ፣ ጉልበቴ ቀድሞኝ ነቅቷል፤
ሌሊቱን ሲነዘንዘኝ፣ ከኔ በፊት ሱብሂ ሰምቷል።
እዚህ ብሩክስ ከተማ፣ በአልበርታ ሜዳ ላይ፣
በታኅሣሥ ፀሐይ ሰነፍ ናት፣ አርፍዳ ነው የምትታይ፤
በሰኔ ደግሞ ግልባጩ፣ ዒሻና ሱብሂ ተቃቅፈው፣
ሽማግሌ በምን ይተኛ፣ ሌሊቱን ሁለቱ ዘርፈው።

ውዱእ አደርጋለሁ ቀስ ብዬ፤ ቧንቧው መጀመሪያ ይበርዳል፣
ከዚያ ይሞቃል እየሳለ፤ እንደኔ ጊዜ ይወስዳል።
እግሬን ለመታጠብ ሳነሣ፣ ግድግዳ እይዛለሁ ባንድ እጅ፤
ሰዓዳ ሳለች ደግፋኝ፣ «ቀስ በል» ትል ነበር፣ «አንተ ልጅ!»
ሰባ አንድ ሞላኝ ዘንድሮ። «ልጅ» የሚለኝ ሰው የለም።
አላህ ቀብሯን ኑር ያርገው፤ ትረፍ ከጭቅጭቄ በሰላም።

ወንበሬን ከሙሰላው ጫፍ፣ ወደ ቂብላ አዙሬ፣
ሱጁድ የምለው ማጎንበስ፣ ሳይነካ መሬት ግንባሬ።
ምንጣፌ ያየኛል ከታች፤ ስንት ዘመን ለምዶኝ ነበር፤
ቅር ብሎት፣ እንደ ቅናት፦ «ከኔ በለጠብህ ወንበር?»

ከዚያ ዚክር ነው በጣቴ። ጣቶቼ ግን አይታጠፉም፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢላ ይዘው፣ በቀዝቃዛው ቤት አላረፉም።
በሬው ባየር ተንጠልጥሎ፣ በሰንሰለት ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፣
እኔ ያቺን አንዲት ሥጋ፣ ከትከሻው ላይ ስገፍፍ፣
ሺህ ጊዜ፣ ሌላ ሺህ ጊዜ። እጄ ያኔ ነው የደረቀ፤
ጉልበቴን በሰዓት ሸጥኩት፤ ዋጋው ልጆቼን አስመረቀ።
አልሐምዱሊላህ፣ አልከሰርኩም።
«ካልጋሪ ና» ይሉኛል እነሱ፣ «ሊፍት ያለው ቤት እንከራይ»፤
ሰዓዳ ግን እዚህ ናት፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ላይ።
ሱብሓነላህ ሠላሳ ሦስቴ፣ በግራ ጣቴ ቀኝ እነካለሁ፤
የማይታጠፈውንም ጣት፣ «አንተም ተቆጠርክ» እለዋለሁ።

ያ ረቢ፣
የሃያ ዓመት ጉልበቴን፣ መልስልኝ አልልህም፤
ምን እንደሠራሁበት ያኔ፣ አንተ ታውቃለህ፣ አልነግርህም።
ስጠኝ ከወንበር መነሻ፣ እጄን ሳልዘረጋ ለሰው፤
የአሥራ አንድ ደረጃ ትንፋሽ፣ ሳይቆራረጥ የሚያደርሰው፤
ዓይኔን እስከ ቁርኣኑ ኅዳግ፣ ጆሮዬን እስከ አዛኑ፤
ሌላውን ወሬ ልቀቀው፣ ይሰማው ባለ ዘመኑ።

ከሁሉም ከሁሉም፣ አደራ፣ የሰዓዳን ስም እንዳታስረሳኝ፤
የልጆቼን ፊት፣ የፋቲሓን ቃል፣ ካፌ ላይ ሳትነሳኝ
ውሰደኝ። ሶማሌው ጉሌድ፣ ሃያ ዓመት ያወቀኝ ጎረቤት፣
«ማን ልበል?» አለኝ በቀደም፣ ትከሻዬን ይዞ መስጊዱ ቤት፤
ወዲያው ቆመና አዛን አለ። አንድም ቃል አላጎደለም።
እኔን ረሳ፣ አንተን አልረሳ። በረካ ማለት ይህ አይደለም?

ደግሞ በረዶው አለ፣ ያ ረብ። ደጃፌን ሌሊት ከድኖታል፤
አካፋ የሚያነሣ ክንድ ስል፣ ልመናዬ ሁለት ሳምንት አልፎታል።
ዛሬም «ብርታት ለክንዴ» እያልኩ፣ ዱዓዬን ሳልጨርስ ገና፣
ከውጭ ኮሽታ ሰማሁ፤ መጋረጃውን ገለጥኩና፣
የፊሊፒኗ የሊጋያ ልጅ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ፣
ደጄን ይጠርጋል በጨለማ፣ የራሱን ደጅ ትቶ።
ተናደድኩ መጀመሪያ። «ለኔ ክንድ ነው ያልኩህ» አልኩኝ፤
«ብርታቴን ለሱ ሰጠኸው?»… ሳቅሁ። ቁጭ ብዬ ሳቅሁኝ።

እንግዲህ ጨው ልበትን ወጥቼ፣ ከኋላው እየተከተልኩ፤
አንድ ጣሳ ጨው ይነሣልኛል።
ዱዓው አላለቀም፤ አሚን ግን አልኩ።